ተረከዝ ከመሬት ሳይለቅ፦ ከቁርጭምጭሚት ኦፕሬሽን በኋላ ስላሉት ወራት

(ሀዋሳ ላይ ለታካሚዎችና ለአስታማሚዎች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ክራንቻችሁን አጠገባችሁ ያስደገፋችሁ፣ እባካችሁ እግራችሁን ፊታችሁ ባለው ወንበር ላይ ዘርጉት። ነውር ነው ብላችሁ አታውርዱት። የዛሬው ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሀዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ታቦርን ካልወጣ በቀር ዳገት የሚፈትነው ሰው የለም። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ብረት የገባለት ሰው ግን በሜዳም ይፈተናል፤ ሽንት ቤት ቁጢጥ ሲል፣ ደረጃ ሲወርድ፣ ከስግደት ሲነሳ። ሦስቱም ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት በደንብ እንዲታጠፍ ይጠይቃሉ። ራጁ ታይቶ "ገጥሟል" ከተባለ በኋላ፣ ብረቱም በቦታው ሆኖ፣ ሰውየው በስድስተኛው ወር የሚያነክሰው ብዙ ጊዜ ይህቺ መታጠፍ ስለጠፋችበት ነው። ስለዚህ ስለ ብዙ ነገር ባወራም ዞሬ ዞሬ የምመለሰው ወደዚችው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደተሰበረ እንይ። እጃችሁን በጤነኛው ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ አድርጉ። በውስጥ በኩል አንድ ጉብታ፣ በውጭ በኩል ሌላ ጉብታ ታገኛላችሁ። የውስጡ የትልቁ የአገዳ አጥንት ጫፍ ነው፤ የውጩ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው፣ የቀጭኑ አጥንት ጫፍ ነው። በሁለቱ መካከል ሌላ አጥንት እንደ ሽብልቅ ተሰክቷል፤ ስንቆም የሰውነታችን ክብደት የሚያልፈው በእሱ ላይ ነው። አናጢ የጠረጴዛ እግር የሚሰካበት ቀዳዳ ትንሽ ከሰፋ ጠረጴዛው መወዛወዝ ይጀምራል፣ ሲወዛወዝም መገጣጠሚያውን ይበላዋል። እዚህም እንደዚያው ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ የላቦራቶሪ ጥናት፣ ያ የመሐሉ አጥንት 1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ውጭ ሲንሸራተት አጥንትና አጥንት የሚነካኩበት ስፋት በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ክብደቱ ያው ነው፤ የሚሸከመው ቦታ ግን ወደ ግማሽ ወረደ። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የሚያልቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ሐኪሙም ስብራቱ ከቦታው ሲንሸራተት "በጀሶ ይበቃል" የማይለው ለዚህ ነው።

ብዙውን ጊዜ በውጭ በኩል ስስ ብረት በብሎኖች ይታሰራል፤ በውስጥ በኩል ረዘም ያሉ 2 ብሎኖች ይገባሉ። ሁለቱን አጥንቶች አንድ ላይ የሚይዘው ጅማት ከተቀደደ ደግሞ ከቀጭኑ አጥንት ወደ ትልቁ የሚሻገር ተጨማሪ ብሎን ሊኖር ይችላል። ይህ ተሻጋሪ ብሎን እናንተ ጋ ይኑር አይኑር ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ መቼ እንደምትረግጡ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነውና። የኦፕሬሽኑን ወረቀትና ራጁን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ወረቀት ይጠፋል፤ ከዓመት በኋላም ያስፈልጋል።

ብረት ገባ ማለት እግሩ ዳነ ማለት አይደለም። የብረቱ ሥራ አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ አጋጥሞ መያዝ ነው፤ ይህም በጤነኛ ጎልማሳ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ያለ ጊዜው ከተረገጠ ብሎኑ ይላላል ወይም ብረቱ ይጣመማል። ጨርሶ ያልተንቀሳቀሰ እግር ደግሞ ይደርቃል። የምንሄደው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ያለው ሥራ ቁስሉ እንዲዘጋ እብጠቱን መዋጋት ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ከቆዳ ቀጥሎ ያለው አጥንት ነው፤ በመካከል ሥጋ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሲያብጥ የሚወጠረው ቆዳው ነው። የተወጠረ ስፌት ይከፈታል፤ ከሥሩ ደግሞ ብረት አለ። ብረት ላይ የደረሰ ኢንፌክሽን በቀላል ክኒን ይለቃል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ።

እግር ከፍ ይበል ሲባል በርጩማ ላይ ይቀመጥ ማለት አይደለም። እግሩ ከልብ በላይ መሆን አለበት፤ ይህ የሚሆነው ጋደም ሲባል ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ፍራሹን ከግርጌ አንስታችሁ ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አስገቡ፤ ወይም የአልጋውን የግርጌ እግሮች በጡብ ላይ አቁሙ። በትራስ ከሆነ ከጉልበት እስከ ባት መጨረሻ ይደገፍና ተረከዙ አየር ላይ ይቅር። ተረከዝ በጀሶ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ጠንካራ ነገር ላይ ካረፈ ይቆስላል፤ ጀሶ ውስጥ ስለሆነም ማንም አያየውም። ጉልበት ሥር ብቻ ትራስ መወሸቅ ደግሞ ጉልበቱን እንደታጠፈ ያስቀረዋል። በመጀመሪያው ሳምንት እግሩ በሰዓት ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ ወደ ታች ባይወርድ ይመረጣል። ሲወርድ ይከብዳል፣ ይነዝራል፣ ጣቶቹ የወይን ጠጅ ቀለም ይይዛሉ፤ ከፍ ሲደረግ በደቂቃዎች ውስጥ ከተመለሰ አትደንግጡ።

እኛ አገር ይህን ሥርዓት የሚያፈርሰው ጠያቂ ነው። ዘመድ ሲገባ ሕመምተኛው ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ እግሩን ያወርዳል፣ ሦስት ሰዓት ያጫውታል፤ ሌሊቱን እግሩ ጀሶውን ሞልቶ ሲያቃስት ያድራል። አስታማሚዎች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ጠያቂው ቡናውን ይጠጣ፤ በሽተኛው ይጋደም።

ስለ ማስታገሻ አጭር ነገር ልበል። የጉበት ችግር የሌለበት ጎልማሳ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙን 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ እስኪያገረሽ አትጠብቁ፤ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ውሰዱ። ዲክሎፌናክን ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ አንዳንድ ሐኪሞችም አጥንት እስኪገጥም ባይወሰድ ይመርጣሉ። ትራማዶል የታዘዘለት ሰው ሊያዞረው ይችላል፤ ክራንች ይዞ ለብቻው ሌሊት አይነሳ።

አሁን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ስለማይጠበቅባቸው ነገሮች። መድኃኒት ተወስዶ፣ እግር ከፍ ተደርጎም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀስ ብሎ ቀና ሲያደርጋቸው ሕመምተኛው ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከነጡ፣ ወይ ጀሶው አንቋል ወይ ውስጥ ያለው ሥጋ በግፊት ታፍኗል። ያለው ጊዜ የሰዓታት ነው፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል። ባት ሲያብጥና ሲያም፣ ከዚያም በላይ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ይህም አይጠበቅበትም። ትኩሳት፣ ከጀሶው የሚወጣ መጥፎ ሽታ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ እርጥበት በዚያው ዕለት መታየት አለባቸው።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር ባልፍ፣ ዛሬ ማታ የቤት ጉባኤ የተናገርኩትን ግማሹን ይሽረዋል። ወጌሻ በየመንደሩ የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ብዙ ሰውም ወለምታውን ታሽቶ ተሽሎታል። በብረት የተያዘ አጥንት ግን የሚታሽም የሚሳብም ነገር የለውም። ተጎትቶ የሚመለስ ነገር የለም፤ ተመልሶ በብሎን ተይዟል። ጎትተን ብናገኝ የምናገኘው የላላ ብሎን ነው። ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ከልክሎ እግር እስከ ማስቆረጥ ማድረሱም በአገራችን የሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ የተመዘገበ ነው። ቅቤ ቁስል ላይ አይደረግም። ጠበል የሚሄድ ሰው ይጠጣ፣ ከወገቡ በላይ ይረጭ፤ ጀሶውና ቁስሉ ግን አይርጠብ። የረጠበ ጀሶ ይለሰልሳል፣ ከሥሩ ያለው ቆዳም በውሃ እንደቆየ ጣት ይነጣና ይላጣል። ሲያሳክክ ደግሞ ማሰሪያ ሽቦ ወይም እስክሪብቶ ማስገባት የተለመደ ነው፤ በዚያ የተፋቀው ቆዳ ስፌቱ አጠገብ መሆኑን አትርሱ።

ወደ ክራንች እንምጣ። ክራንች ብዙ ጊዜ የውሰት ነው፤ ቁመቱም ለቀድሞው ባለቤት እንደተስተካከለ ይመጣል። ጤነኛው እግራችሁ ላይ ጫማ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። የክራንቹ ጫፍ ከእግራችሁ ወደ ጎን 15 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ። ከላይኛው ስፖንጅ እስከ ብብታችሁ 2 ወይም 3 ጣት መግባት አለበት። እጃችሁን ወደ ታች ስትለቁት መያዣው የእጅ አንጓችሁ ላይ ይድረስ፤ ስትጨብጡት ክርናችሁ ትንሽ ይታጠፋል። ክብደት የሚሸከመው መዳፍ እንጂ ብብት አይደለም። በብብቱ የሚንጠለጠል ሰው ከጊዜ በኋላ እጁ ይደነዝዛል፣ አንጓውን ቀና ማድረግ ያቅተዋል፤ በብብት ሥር የሚያልፈው ነርቭ ተጨፍልቆ ነው። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ክራንቹና የታመመው ይከተላሉ። ሲወረድ ክራንቹና የታመመው ይቀድማሉ። አስታማሚው ሁልጊዜ ከሕመምተኛው በታች በኩል ይቁም፤ ሲወጣ ከኋላ፣ ሲወርድ ከፊት። የክራንቹን ጫፍ ጎማ ገልብጣችሁ እዩት፤ ጥርሱ ካለቀ ቀይሩት። ያለቀ ጎማ በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ሳሙና ረግጦ እንደመሄድ ነው። ክረምት ላይ ኮብልስቶኑም እንደዚያው ነው።

ሽንት ቤት ከሁሉ በላይ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው፤ ማንም ግን አስቀድሞ አያስብበትም። መሬት ላይ ያለ ሽንት ቤት በአንድ እግር ቁጢጥ ለማለት አይሆንም። ርካሹ መፍትሔ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ መቀመጫው መሐል ላይ በመጋዝ ይቆረጥና ቀዳዳ ይወጣለታል፣ ጠርዙ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ ባለመደገፊያ፣ እግሮቹም ስንጥቅ የሌለባቸው ይሁኑ፤ ቀዳዳው ሲበዛ ወንበሩ ይሰነጠቃልና ከአንድ ስኒ ሰሐን ብዙም አይስፋ። የታመመው እግር ከፊት በበርጩማ ላይ ይዘርጋ። ለሌሊት ፖፖ አታፍሩበት። ገላም የሚታጠበው ተቀምጦ ነው፤ ጀሶው በ2 ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከላይ በፕላስተር ታሽጎ፣ እግሩ ከውሃው ውጭ ተዘርግቶ።

ለቀጠሮ ስትወጡ ባጃጅ በኮንትራት ያዙ። መጀመሪያ ጀርባችሁን አስገብታችሁ በመቀመጫው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ በመዳፋችሁ እየገፋችሁ ወደ ሌላኛው ጎን ተንሸራተቱና እግራችሁን መቀመጫው ላይ ዘርጉት። ሦስት ሰው በተጨናነቀበት ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ጀሶ በአንድ ጉድጓድ ብቻ የሦስት ቀን ዕረፍታችሁን ያባክነዋል።

ክር የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ስኳር ላለበት ሰው እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስኳር ያለባችሁ፣ የእናንተ መንገድ የተለየ ነው። እግራችሁ ከደነዘዘ ሕመም አያስጠነቅቃችሁም፤ ብረቱ ሲላላ እንኳ ላይሰማችሁ ይችላል። ሐኪሞች ያለመርገጫውን ጊዜ ለእናንተ እጥፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም አጥንቱ ለመግጠም ይዘገያል፣ ቁስሉም ይከፈታል። ሲጋራ ለማቆም ምክንያት ስትፈልጉ ለነበራችሁ፣ ይኸው ተገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እንቅስቃሴ የሚጀመረው ጀሶ ሲወጣ ሳይሆን ከኦፕሬሽኑ ማግስት ነው። ጀሶ ውስጥ ሆናችሁ ጣቶቻችሁን በየሰዓቱ 10 ጊዜ አጥፉ ዘርጉ። ጉልበታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ እግራችሁን ከፍራሹ 20 ሳንቲሜትር አንሱ፣ 5 ቁጠሩ፣ አውርዱ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ጭኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሟሽሽ ታዩታላችሁ፤ ይህ እንዳይብስ ነው።

ሐኪሙ ጀሶውን አውጥቶ እንድታንቀሳቅሱ ሲፈቅድ፣ መጀመሪያ የምታዩት እግር የእናንተ አይመስልም። ቀጥኗል፣ ፀጉሩ በዝቷል፣ ቆዳው ተላልጧል፣ ሲነካ ያንገበግባል። ቆዳውን በነጠላ ጫፍ ማሻሸት ጀምሩ፣ ሲለምደው በጋቢ፣ ከዚያ በሻካራ ፎጣ፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ። ነርቩ ንክኪን እንደገና የሚማረው እንደዚህ ነው። ማቃጠሉ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ፣ እግሩ ቀለሙን እየቀያየረና እያላበው ከሄደ ግን ለሐኪሙ ንገሩ።

ከዚያ ፊደል ጻፉ። ተረከዛችሁን ከአልጋው ጠርዝ አሳልፋችሁ፣ በእግራችሁ አውራ ጣት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያላችሁ በአየር ላይ። ሙሉውን ሰባት ቤት አልጠይቃችሁም፤ ግዕዙን ብቻ። ልብ በሉ፣ መንቀሳቀስ ያለበት ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ ብዙ ሰው ጉልበቱን እያወዛወዘ ፊደሉን ይጨርስና ቁርጭምጭሚቱ አንድም ዲግሪ አልሄደም። ጅማት ተጠግኖላችሁ ከሆነ ወደ ጎን መዞሩ መቼ እንደሚጀመር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እስከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ።

ለመታጠፍ ነጠላ ይበቃል። እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ፣ ነጠላውን ከጣቶቻችሁ ሥር ባለው የውስጥ እግር ክፍል ላይ አሳልፉት፣ ጉልበት ሳይታጠፍ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ 30 ሰከንድ ያዙ። 3 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ባት ላይ መወጠር ሲሰማችሁ ትክክል ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ፊት ላይ ስለት የመሰለ ሕመም ከተሰማችሁ ቀንሱ።

መርገጥን በተመለከተ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ኦፕሬሽኑን የሠራው ሐኪም ነው። አንዳንዱ አጥንቱ በደንብ ከታሰረ ከ2 ሳምንት በኋላ በቦት፣ ማለትም ቁርጭምጭሚቱን በሚይዝ የሕክምና ጫማ፣ ያስረግጣል፤ ሌላው 6 ሳምንት ያስጠብቃል። ጎረቤታችሁ በሦስተኛው ሳምንት ረገጠ ማለት የእናንተም ስብራት የእሱ ዓይነት ነው ማለት አይደለም። ከተፈቀደ በኋላ "ትንሽ ትንሽ ርገጥ" የሚባለው ትእዛዝ ለማንም አይገባውም፤ ስለዚህ በሚዛን እንለካው። የሰው መመዘኛ ሚዛን መሬት ላይ አድርጉ፣ ጤነኛውን እግር በሚዛኑ ቁመት ልክ በሆነ መጽሐፍ ወይም ጣውላ ላይ አቁሙ፣ ክራንች ይዛችሁ የታመመውን እግር ሚዛኑ ላይ አሳርፉ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ከ15 እስከ 20 ኪሎ እስኪያሳይ ብቻ ይጫን። አይናችሁን ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ 10 ጊዜ፣ ከዚያ ሳታዩ 10 ጊዜ። እግር መጠኑን ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ስትራመዱ ያንኑ መጠን ትደግሙታላችሁ። ሐኪማችሁ ሌላ ካላለ በየሳምንቱ የክብደታችሁን ሩብ ያህል እየጨመራችሁ ሂዱ። መመዘኛው የማግስቱ ጠዋት ነው፦ ማታ ያበጠው ሌሊት ከቀነሰ በያዛችሁት ቀጥሉ፤ ጠዋትም እንዳበጠ ካደረ ወደ ባለፈው መጠን ተመለሱ።

ሁለት ክራንች ወደ አንድ ሲቀንስ፣ አንዱ የሚያዘው በጤነኛው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። በየመንገዱ በተቃራኒው ይዘው የሚሄዱትን አያለሁ፤ ወደ ታመመው እግር እየተጋደሙ ይራመዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርበት እንይ። ከተፈቀደለት በኋላ መራመድ የጀመረ ሰው እግሩን ከላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞረዋል። ሰውየው ልማድ ይመስለዋል። አይደለም፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት ስለማይታጠፍ እግሩ ዞሮ ያልፋል። ወይም ደግሞ ተረከዙን ቶሎ ያነሳል፣ ወይም ጉልበቱን ወደ ኋላ ይገፋል። ከሁለት ወር በኋላ "ጉልበቴን አመመኝ፣ ወገቤን አመመኝ" ይላል። መፍትሔው ጉልበቱን ማሸት አይደለም። እርምጃውን አሳጥሮ፣ ጣቶቹን ወደ ፊት አቅንቶ፣ ተረከዙን አስቀድሞ መርገጥና ጠፍታ የነበረችውን መታጠፍ መመለስ ነው።

እሷን ለመለካት ግድግዳ በቂ ነው። ሙሉ ክብደት ከተፈቀደ በኋላ ግድግዳ ፊት ቁሙ፣ የታመመውን እግር አውራ ጣት ከግድግዳው 2 ጣት አርቁ፣ ተረከዝ ከመሬት ሳይለቅ ጉልበታችሁን ወደ ግድግዳው ግፉ። ነካ? እግራችሁን 1 ጣት ወደ ኋላ ሳቡና ድገሙ። ተረከዙ ሊነሳ ሲል የቆማችሁበትን ርቀት በሜትር ለኩና ጻፉት። ከዚያ ጤነኛውን ለኩ። ብዙ ጤነኛ ሰው ወደ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የእናንተ መመዘኛ ግን የራሳችሁ ጤነኛ እግር ነው። ልዩነቱ 2 ሳንቲሜትርና ከዚያ በታች እስኪሆን ይህንኑ መለኪያ እንደ ልምምድ አድርጉት፤ 10 ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ሰከንድ፣ በቀን 3 ዙር። እግሩ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ጉልበቱ ወደ ሁለተኛው ጣት አቅጣጫ ይሂድ። ለቁጢጥ ሽንት ቤት የምትዘጋጁትም በዚህ ነው፤ በር ይዛችሁ ዝቅ በሉ፣ ተረከዝ የሚነሳበት ቦታ ላይ ቁሙ፣ ነገ ትንሽ ዝቅ በሉ።

የጡንቻን ኃይል መመለስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ጎማ ቤት ሄዳችሁ አሮጌ ከመነዳሪ፣ ማለትም የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠይቁ፤ በ5 ሳንቲሜትር ስፋት 1 ሜትር ተኩል ቁረጡ። አንዱን ጫፍ ከጠረጴዛ እግር አስራችሁ በአራቱም አቅጣጫ ሳቡ፤ 15 ጊዜ፣ 3 ዙር። ከዚያ ግድግዳ ይዛችሁ በሁለት እግር ተረከዝ ማንሳት፤ ይህ ሲቀል በሁለት እግር ተነስታችሁ በታመመው ብቻ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ በመጨረሻ በታመመው ብቻ። ጤነኛ ጎልማሳ በአንድ እግር 20 እና ከዚያ በላይ ይነሳል። እዚያ ሳትደርሱ ኳስ ሜዳ አትግቡ። ሚዛን ለመጠበቅ ጥርስ ስትቦርሹ በታመመው እግር ብቻ ቁሙ፤ 30 ሰከንድ ሲሞላ በታጠፈ ጋቢ ላይ ሞክሩት።

ሀዋሳ የብስክሌት ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ብስክሌቱን በማቆሚያው የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲነሳ አድርጋችሁ፣ ሰው ከፊት ይዞላችሁ፣ በባዶው ፔዳል ምቱ። ኮርቻውን ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ቁርጭምጭሚቱ ይበልጥ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩና በየጥቂት ቀኑ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ በኋላ የሐይቁ ዳር መንገድ አለላችሁ። ፍቅር ሐይቅ በኩል ያለው ንጣፍ ለመጀመሪያው ጥሩ ነው፤ ሣሩና አሸዋው ለሦስተኛው ወር ይቆይ። ውሃው ውስጥ ግን ቁስሉ ጨርሶ እስኪደርቅ አትግቡ።

ጫማን በሚመለከት፣ ሸበጥ ለዚህ እግር ጠላት ነው፤ እንዳይወልቅ ጣቶቹ ሲጨብጡት የእርምጃው ሥርዓት ይበላሻል። ማሰሪያ ያለው፣ ተረከዙ 1 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ ጫማ መጀመሪያ ላይ ይረዳል።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። አጥንት ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል፦ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጤፍ እንጀራ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚመጣው ቆሮሶ ዓሣ፣ ደግሞም የጠዋት ፀሐይ። የአጥንት ሾርባ አይከፋም፤ ግን ውስጡ ያለው ካልሲየም ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ ስለዚህ ወተቱን አይተካም። ጾም የገባበት ሰው ጥራጥሬውን ያብዛ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ እንተወው። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ በእነዚህ ወራት አይመከርም።

ከአዳራሹ የተነሱት ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ።

አንድ የባጃጅ ሾፌር መቼ ሥራ እንደሚመለስ ጠየቀ። የእግር ፍሬኑ በቀኝ ነው፤ የተሰበረው ቀኝ ከሆነ ፍሬን የመርገጥ ፍጥነት የሚመለሰው ከኦፕሬሽኑ ወደ 9 ሳምንት ገደማ ነው። ያም ያለ ክራንች፣ ሳያነክስ መራመድ ከቻለ ነው። ባጃጁ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሬኑን 20 ጊዜ በድንገት ይርገጠው። አንዱ ላይ እንኳ ሕመም ፈርቶ ከዘገየ መንገድ አይውጣ። ቆመው የሚሠሩ ሰዎች ከ3 እስከ 4 ወር ያስቡ፤ ሩጫ ከዚያም ይዘገያል።

አንዲት እናት ልጃቸው በአምስተኛ ወሩ እግሩ ማታ ማታ እንደሚያብጥ ተናገሩ። እማማ፣ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጠዋት ከጣቶቹ ጀምሮ ወደ ላይ ላስቲክ ፋሻ ይጠቅለልለት፤ ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን። ማታ ይፈታ። እብጠቱ ከቁስሉ መቅላትና ማተኮስ ጋር ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነውና ይታይ።

ሦስተኛው ጥያቄ ብረቱ ይወጣል ወይ የሚል ነው። ካላስቸገረ ዕድሜ ልክ ሊቀመጥ ይችላል። የውጩ ብረት ከቆዳ ሥር ስለሆነ ቦት ጫማ ሲነካው የሚያም፣ በብርድ የሚሰማ ሰው አለ፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ አጥንቱ በደንብ ከገጠመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት በኋላ፣ ይወጣል። ተሻጋሪው ብሎን ግን አንዳንዴ ከ3 ወር በኋላ ይወጣል፤ ሳይወጣ ቢሰበርም ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ብረቱ ሲወጣ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ባዶ ይቀራሉ፤ እስኪሞሉ ለ6 ሳምንት ያህል ከኳስና ከዝላይ ራቁ። ክራንቹን ግን ለሌላ ሰው ከማዋሳችሁ በፊት ጎማውን ቀይሩለት።